ዘላይ ሸረሪትን ዓይን ለዓይን ፎቶ ማንሳት

[ምስል፦ ግድግዳ ላይ ያለች ትንሽ ሸረሪት ወደ ካሜራው ስትዞር]

ጣታችሁን ቀስ አድርጋችሁ ወደ ዘላይ ሸረሪት ብታስጠጉ፣ ከመሸሿ በፊት ዞር ብላ ታያችኋለች። ስምንት ዓይኖች አሏት። ከፊት ያሉት ሁለት ትልልቆች ነገሩን አጥርተው ይለያሉ፤ የጎኖቹ ደግሞ የሚንቀሳቀሰውን ይጠብቃሉ። በጎን ዓይኗ የያዘችውን ነገር ምንነት ለማረጋገጥ ፊቷን ታዞራለች። ፎቶ አንሺ የሚፈልገውም ያንኑ ፊት ነው።

ድር ዘርግታ የምትጠብቅ አይደለችም፤ በቀን እየዞረች ታድናለች። ስለዚህ ድር አትፈልጉ። ፀሐይ የመታው ግድግዳ፣ የአጥር እንጨት፣ ሰፋ ያለ ቅጠል ላይ ተመልከቱ። አብዛኞቹ ከ1 ሴንቲሜትር ያነሱ ስለሆኑ እየሄደ የሚፈልግ ሰው ያልፋቸዋል። አንድ ቦታ ቆም በሉ፤ የስንዴ ፍሬ የምታክል ነገር ቆም እያለች ድንገት ደግሞ ፈጠን ፈጠን ስትል ካያችሁ እሷው ናት። የተጠቀለለ ቅጠል ውስጥ ነጭ የሐር ከረጢት ካገኛችሁ ግን አትክፈቱት፤ ማደሪያዋ ነው፣ እንቁላልም ሊኖርበት ይችላል።

[ምስል፦ ሌንስና ማራዘሚያ ቀለበት]

1 ለ 1 የሚያነሳ ማክሮ ሌንስ (ትንንሽ ነገሮችን ከቅርብ የሚያነሳ ሌንስ) 6 ሚሊሜትር የሆነችን ሸረሪት ሴንሰሩ ላይ፣ ማለትም ምስሉን በሚቀበለው የካሜራው ክፍል ላይ፣ በዚያው በ6 ሚሊሜትሯ ያሳርፋታል። የሙሉ ፍሬም ሴንሰር ወርዱ 36 ሚሊሜትር ነውና የምስሉን ወርድ አንድ ስድስተኛ ብቻ ትይዛለች። ማክሮ ሌንስ ከሌላችሁ በ50 ሚሊሜትር ሌንስና በካሜራው መካከል 50 ሚሊሜትር ማራዘሚያ ቀለበት አስገቡ፤ 1 ለ 1 ገደማ ትደርሳላችሁ። ቀለበቱ መስታወት የለውም፣ ባዶ ነው። ዕዳው ሌላ ነው፦ ብርሃን ይቀንሳል፣ በጣም ስለሚያስጠጋችሁም የሌንሱ ጥላ ሸረሪቷ ላይ ይወድቃል።

ለመነሻ ካሜራውን ማኑዋል (ሁሉንም ራሳችሁ የምትመርጡበት) ላይ አድርጉ፦ ሹተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/200 ሰከንድ፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ይጠብባል) ኤፍ 11፣ አይኤስኦ (የሴንሰሩ ለብርሃን ያለው ስሜት) 200፣ ፍላሹ ከሙሉ ኃይሉ 1/16። በ1 ለ 1 ኤፍ 11 ላይ እንኳ ከፊት ወደኋላ ጥርት ብሎ የሚወጣው ውፍረት ከ1 ሚሊሜትር ብዙም አያልፍም። ወደ ኤፍ 22 ብትሄዱ ውፍረቱ ይጨምራል፣ ምስሉ ግን በሙሉ ይደበዝዛል። ዓይኖቿ ጥርት ካሉ የኋላ እግሮቿ ቢደበዝዙ ማንም አይቆጥርባችሁም።

አብዛኛውን ፎቶ የሚያበላሸው ብርሃን ነው። ዓይኗ እንደ ክብ መስታወት ስለሆነ ፊት ለፊቷ ያለው ሁሉ ይታይበታል። ያነሳችሁትን አጉልታችሁ ዓይኗን እዩ፦ ትንሽ የምታቃጥል ነጭ ነጥብ ካለች ፍላሹ ራቁቱን ነው። በፍላሹና በሸረሪቷ መካከል ነጭ ወረቀት ወይም ስስ ስፖንጅ አስገቡ። ብዙዎች እዚህ ይሳሳታሉ፤ ወረቀቱን ፍላሹ አፍ ላይ ይለጥፉታል። ያኔ የብርሃኑ ምንጭ ስፋት አይለወጥም። ወረቀቱ ወደ ሸረሪቷ ይቅረብ፣ ፍላሹም ብርሃኑ ወረቀቱን ሙሉ እንዲሸፍን ራቅ ይበል።

ከኋላዋ ያለው ጥቁር ሆኖ ከወጣ የፍላሹ ብርሃን እዚያ አልደረሰም ማለት ነው። 5 ሴንቲሜትር ያህል ከጀርባዋ አረንጓዴ ቅጠል ያዙ፤ ይበቃል።

[ምስል፦ ግራ እጅ ጭራሮ ይዞ፣ ሌንሱ እጁ ላይ አርፎ]

አውቶ ፎከስን አጥፉት፤ እዚህ ቅርበት ላይ ወዲያ ወዲህ ሲል ጊዜ ያባክናል። ሸረሪቷ ያለችበትን ጭራሮ በግራ እጃችሁ ያዙ፣ ሌንሱንም እዚያው እጅ ላይ አሳርፉት። እጃችሁ ቢንቀጠቀጥ ሁለቱም አብረው ይንቀጠቀጣሉ። ከዚያ የፎከስ ቀለበቱን ሳትነኩ ካሜራውን በጥቂቱ ወደፊትና ወደኋላ እያደረጋችሁ፣ ዓይኖቿ ጥርት ሲሉ ተጫኑ።

ጭራሮው ሌላም ጥቅም አለው። ጫፉ ላይ ስትደርስ ከመዝለሏ በፊት ቆማ ርቀቱን ትመለከታለች፤ የምታነሷት ያኔ ነው። ወደ ሌንሱ ብትዘልም አትደንግጡ። ስትዘል የሐር ክር እየጎተተች ስለሆነ ብትወድቅ በክሩ ትንጠለጠላለች፤ ክሩን በጭራሮው ይዛችሁ መልሷት። ትንፋሻችሁን ግን ወደ ጎን አድርጉት፤ ከእጃችሁ ይልቅ እሱ ያስበረግጋታል።

ለማረጋጋት ብሎ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስገባት ትክክል አይመስለንም። እግሮቿ ይኮራመታሉ፣ ፎቶውም የሬሳ ይሆናል። የማይንቀሳቀስ ከፈለጋችሁ ነፍሳትን ገና ፀሐይ ሳይወጣ፣ ብርዱ አደንዝዟቸው ሣር ላይ ተለጥፈው ሳለ አንሷቸው። ዘላይ ሸረሪትን ደግሞ ዝንብ ይዛ ስትበላ ጠብቁ፤ ምግቧን ጥላ መሄድ ስለማትወድ ያኔ ከ10 እስከ 15 ፎቶ በተለያየ ፎከስ አንስታችሁ በኋላ ወደ አንድ ጥርት ያለ ምስል ለማዋሃድ ጊዜ ይኖራችኋል።