በሹክሹክታ የምትጠይቁኝ ነገር

የተከበራችሁ እህቶቼ፣ አብራችሁ የመጣችሁ ቤተሰቦች፣ የሙያ ባልደረቦቼም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ነርስ ነኝ። የምሠራው የካንሰር ክፍል ውስጥ ነው። ፀጉሬ መቼ ይበቅላል? ማቅለሽለሹ መቼ ይተወኛል? እነዚህን ሴቶች ጮክ ብለው ይጠይቁኛል። አንድ ጥያቄ ግን ሁሌም በሹክሹክታ ይመጣል፤ ያውም ታካሚዋ ተነስታ በሩ ጋ ስትደርስ። አንዲት እናት "ሽታ አመጣሁ፤ ንጽህናዬን አልጠበቅኩም መሰለኝ" አለችኝ። በቀን አራት ጊዜ የብልቷን ውስጥ በሳሙና ትታጠብ ነበር።

ለእሷ ያልኳትን ለእናንተም ልበላችሁ። ጥፋቱ የንጽህና ጉድለት አይደለም፤ የካንሰር ሕክምናው ራሱ ሊያመጣው ይችላል።

የሴት ብልት ውስጥ ባክቴሪያ አለ። መኖርም አለበት። በመውለጃ ዕድሜ ላይ ባሉ ብዙ ሴቶች ዘንድ የሚበዛው ላክቶባሲለስ የሚባለው ነው። ጀርመናዊው ሐኪም አልበርት ዶደርላይን ስለነዚህ ባክቴሪያዎች የጻፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1892 ነበር። ላክቲክ አሲድ እየሠሩ የብልትን ፒኤች፣ ማለትም የኮምጣጣነት መለኪያውን፣ ከ3.8 እስከ 4.5 ባለው ያቆዩታል፤ ቁጥሩ ዝቅ ባለ መጠን ኮምጣጣነቱ ይጨምራል። እንዲህ ያለ ኮምጣጣ ቦታ ለብዙ በሽታ አምጪዎች አይመችም።

ቀለባቸው የሚገኘው በብልት ግድግዳ ሴሎች ውስጥ ከሚከማቸው ግላይኮጅን ከሚባል የስኳር ክምችት ነው። እሱን የሚያጠራቅመው ደግሞ ኤስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ኤስትሮጅን ከጠፋ ግድግዳው ይሳሳል፣ ቀለቡም ያልቃል።

ዳሌ ላይ የሚሰጥ ጨረር ኤስትሮጅን የሚያመነጨውን የእንቁላል ዕጢ፣ ኦቫሪን፣ ሥራ ሊያስቆም ይችላል፤ ግድግዳውንም ራሱን ይጎዳል። ኬሞ በፍጥነት የሚባዙ ሴሎችን ስለሚመታ ጤነኞቹም አይተርፉም። ነጭ የደም ሴል ይወርዳል፣ ኢንፌክሽን ይመጣል፣ አንቲባዮቲክ ይታዘዛል። አንቲባዮቲኩ ደግሞ ላክቶባሲለሱንም አብሮ ሊጠርገው ይችላል። ለጡት ካንሰር የሚሰጡት አሮማቴዝ ኢንሂቢተሮች ካንሰሩን ለማስራብ ኤስትሮጅንን ይቀንሳሉ። ጥሩ መድኃኒቶች ናቸው፤ ሥራቸውን ነው የሚሠሩት። ግን ላክቶባሲለሱም አብሮ ይራባል።

ቦታው ባዶውን አይቀርም። ጋርድኔሬላና መሰሎቹ የሚባሉ ሌሎች ባክቴሪያዎች ይበዛሉ፣ ፒኤቹ ከፍ ይላል፣ ሽታና ፈሳሽ ይመጣል። ከአንቲባዮቲክ በኋላ ደግሞ ካንዲዳ የሚባለው ፈንገስ ተራውን ይይዝና ያሳክካል።

ያቺ እናት ስትታጠብ የቀሩላትን ጠባቂዎች ነበር የምታስወጣው። ሳሙናውን ተወች፣ ናሙና ተሰጠ፣ መድኃኒት ታዘዘላት፣ ዳነች። እባካችሁ ውስጣችሁን አትታጠቡ። ውጪውን በውሃ ብቻ ማጠብ ይበቃል።

ለድርቀት ሆርሞን የሌላቸው ማለስለሻዎች አሉ። ብልት ውስጥ የሚደረግ ኤስትሮጅን ብዙዎችን ይረዳል፤ የጡት ካንሰር ያጋጠማት ሴት ግን የካንሰር ሐኪሟን ሳታማክር አትጀምረው። ፕሮባዮቲክስ፣ ማለትም ጠቃሚ የሚባሉ ሕያው ባክቴሪያዎችን መውሰድስ? በየቀኑ የምጠየቀው ነው። በካንሰር ታካሚዎች ላይ ያለው ማስረጃ ገና ስስ ነው። ነጭ የደም ሴል በወረደበት ሰዓት ሕያው ባክቴሪያ መውሰድ አደጋም ሊኖረው ስለሚችል በራሳችሁ አትጀምሩ። ኬሞ ላይ ሆናችሁ ትኩሳት ከያዛችሁ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ወዲያውኑ ኑ። ያልተጠበቀ ደም ካያችሁም ሳትውሉ ሳታድሩ ንገሩን።

ባሎች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ስትሸሻችሁ ፍቅሯ ቀንሶ አይምሰላችሁ። ያማታል። ሰውነቷን እያፈረችበትም ሊሆን ይችላል። እስኪ ቀስ ብላችሁ ጠይቋት።

ባልደረቦቼ፣ እኛም እንጠይቅ። በየክትትሉ ክብደት እንለካለን፣ ደም እንቀዳለን፣ ይህን ግን እናልፈዋለን። እኔም ለዓመታት አልፌዋለሁ፤ ይቆጨኛል። "ድርቀት፣ ማቃጠል፣ ሽታ አለ ወይ?" ለማለት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ቀድመን ካነሳነው እሷ በሩ ጋ ቆማ መሸማቀቅ አይኖርባትም።

ከዚህ ስወርድ ከአዳራሹ ጎን ባለችው ትንሽ ክፍል እቀመጣለሁ። እጅ አውጥታችሁ መጠየቅ የከበዳችሁ እዚያ ኑ። በሩን ዘግተን እናወራለን።