መስታወት በፀጉር ልክ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ። ዛሬም ከቱሉ ዲምቱ ነኝ። የሲኖትራክ ድምፅ ከሰማችሁ ዋናው መንገድ ቅርብ ስለሆነ ነው።

የዛሬው ወሬያችን መስታወት ነው። የመስኮቱን ሳይሆን ከፀጉር የሚቀጥነውን ማለቴ ነው። ይህ ነገር ለምን እንደሚስበኝ ልንገራችሁ። መስታወት እያነሰ ሲሄድ ጉልበት አይሠራለትም። እናንተ ሁኔታውን ታመቻቻላችሁ፤ ቅርጹን የሚይዘው ራሱ ነው።

እዚህ ኮንዶሚኒየሞቹ ሥር አሉሚኒየምና መስታወት ቤቶች ሞልተዋል። ሥራውን ቆሞ ያየ ሰው ያውቀዋል። ሠራተኛው መስታወቱን ከላይ እስከ ታች አይቆርጠውም። ላዩን ብቻ ጫር ያደርገዋል። ከዚያ ቀስ ብሎ ጫን ሲለው፣ ቀጭ ብሎ በጭረቱ ልክ ይለያል። ስንጥቁን እስከ ታች የሚወስደው መስታወቱ ነው።

አሁን ደግሞ ኢንተርኔት ሊያስገባ የመጣውን ቴክኒሻን እዩት። ኢንተርኔቱን በብርሃን የሚያመጣውን የፋይበር ክር ልባስ ይልጣል፣ በአልኮል ይጠርጋል። የሚቀረው 125 ማይክሮን ውፍረት ያለው ብርጭቆ ነው፤ የሚሊሜትር አንድ ስምንተኛ መሆኑ ነው። ብርሃኑ የሚሄድበት መሃሉማ 9 ማይክሮን ገደማ ብቻ ነው። ክሊቨር በሚባለው መሣሪያ ጫር አድርጎ ይሰብረዋል። ያው የመስታወት ቤቱ ዘዴ ነው! ከዚያ ሁለቱን ጫፎች ስፕላይሰር ውስጥ ያስገባል፤ በኤሌክትሪክ ብልጭታ ቀልጠው ይያያዛሉ። ዕድሉን ካገኛችሁ ስክሪኑን ጠጋ ብላችሁ ተመልከቱ። ጫፎቹ ትንሽ ቢዛነፉም፣ ሲቀልጡ እየተሳሳቡ ይስተካከላሉ። የሚያስተካክላቸው የገጽ ውጥረት ነው፤ ውሃን ጠብታ የሚያደርገው ያው ኃይል።

በዚህ ልክ ላይ ሁሉን የሚያዝዘው እሱ ነው። የመሬት ስበት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ በ1665 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ተጠቅሞበታል (ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ብርጭቆ አቅልጦ እንደ ክር ይስባል። የክሩን ጫፍ መልሶ እሳት ላይ ሲይዘው ጫፉ ተሰብስቦ ኳስ ይሆናል። ያ ኳስ እኮ ሌንስ ነው። ድፍን ሉል የሆነው ማንም ሳይሞርደው ነው። 2 ሚሊሜትር ስፋት ካለው 160 እጥፍ ገደማ ያጎላል። ባነሰ ቁጥር ደግሞ ጉልበቱ ይጨምራል።

ከዚህ የባሰ የሚያስገርመኝ ቱቦው ነው። ቀጭን የብርጭቆ ቱቦ መሃሉን አሙቃችሁ ግራና ቀኝ ብትስቡት ይቀጥናል። ቀዳዳው ግን አይደፈንም፣ አብሮ ይቀጥናል። በዚህ መንገድ ከ1 ማይክሮን ያነሰ ጫፍ ይወጣል። ሳይንቲስቶቹ ኤርቪን ኔኸርና በርት ሳክማን በ1976 በሕዋስ ሽፋን ላይ ያለች አንዲት መተላለፊያ የምታሳልፈውን ኤሌክትሪክ የለኩት እንዲህ በተሳበ የብርጭቆ ጫፍ ነው። በ1991 ኖቤል ተሸለሙ።

መስታወት ላይ ቀጭን ቦይ ለመቆፈር ደግሞ አሲድ አለ። ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ መስታወትን ይበላል፤ ለዚህ ነው በፕላስቲክ ዕቃ የሚቀመጠው። ላብራቶሪ ውስጥ መስታወቱን በስስ የክሮሚየምና የወርቅ ሽፋን ይሸፍኑታል። መስመር ይከፍቱበታል፣ አሲዱ በተከፈተው ይገባል። ችግሩ መስታወት ክሪስታል አለመሆኑ ነው። ለምሳሌ ክሪስታል በሆነው ሲሊከን ውስጥ አቶሞቹ ተሰልፈው ስለተቀመጡ አንዳንድ ፈሳሾች በአንዱ አቅጣጫ ፈጥነው፣ በሌላው ዘግይተው ይበሉታል። መስታወት ውስጥ እንዲህ ያለ ሰልፍ የለም። ስለዚህ አሲዱ 20 ማይክሮን ወደ ታች ሲወርድ፣ በሽፋኑ ሥር ወደ ግራም ወደ ቀኝም 20፣ 20 ይሄዳል። ጠባብና ጥልቅ ቦይ በዚህ አይገኝም።

መላው የተገኘው ከሌዘር ነው። ሰከንድን ለሚሊዮን ከፍላችሁ፣ ያንኑ ለቢሊዮን ክፈሉት። አንድ ፌምቶሰከንድ ይሏችኋል። በጥቂት መቶ ፌምቶሰከንድ የሚያልቅ የብርሃን ምት፣ የመስታወቱን ገጽ ሳይነካ ውስጡ ላይ መስመር ይጽፋል። በኋላ አሲድ ውስጥ ሲገባ፣ የተጻፈው መስመር ከሌላው እጅግ ፈጥኖ ይበላል። እንዲህ ያለውን ጠንካራ ምት ያስቻለውን ዘዴ የፊዚክስ ሊቃውንቱ ዶና ስትሪክላንድና ዤራር ሙሩ በ1985 አወጡት፤ ኖቤሉ በ2018 መጣ።

አሁን ወጣቶቹን፣ በተለይ እዚሁ ቂሊንጦ ያላችሁትን የሳይንስና ቴክኖሎጂ ተማሪዎች ልለምናችሁ። አሲዱን እቤት እንዳትሞክሩት። ቆዳ ሲነካ ወዲያው ላያም ይችላል። ዘልቆ ገብቶ የሰውነትን ካልሲየም ይይዛል፣ ልብ እስከ ማቆም ይደርሳል። የዚህ አሲድ ማርከሻ የሆነው ካልሲየም ግሉኮኔት ጄል የሌለበት ላብራቶሪ ውስጥም ጠርሙሱ ባይከፈት እመርጣለሁ።

እሳቱ ግን የእኛም ነው። የጋዝ ነበልባል ያለው የትምህርት ቤት ላብራቶሪ፣ አንድ የብርጭቆ ዘንግና የሚከታተል መምህር ካለ በቂ ነው። የዓይን መከላከያ መነፅር አይርሳ፤ የክሩ ስባሪ በዓይን አይታይም። እንደ ሁክ ክር ስባችሁ የሠራችኋትን ኳስ በቀጭን ቆርቆሮ ቀዳዳ ላይ አጣብቋት። ስስ የሽንኩርት ልጣጭ ከኳሷ ማዶ በግማሽ ሚሊሜትር ርቀት ያዙ፤ ዓይናችሁን ሊነካት እስኪቃረብ ድረስ አስጠጉ፣ ወደ ብርሃን አዙሩ። ሕዋሶቹ ካልታዩ ልጣጩን በጣም በጥቂቱ ወደፊትና ወደኋላ አንቀሳቅሱት። ያያችሁትን ላኩልኝ።