ገንቢው ጦር ሲያነሳ

ሰላም ወዳጆቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፤ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ስለ ሲቪላይዜሽን 6 ነው፤ ከተማ እየገነባን፣ ተራ በተራ እየተጫወትን አገር የምንመራበት ጌም። ጌሙ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ሲሆን የመጀመሪያው ሲቪላይዜሽን ደግሞ የ1991 ነው። ሁሉንም ላወራ አልችልም። አንድ ነገር ብቻ፦ ስትገነቡ ቆይታችሁ ድንገት ወደ ወረራ ስትዞሩ ምን ይለወጣል?

እኔ ገንቢ ነኝ። ብዙ ጊዜ የምመርጠው ኮሪያን፣ ንግሥት ሶንዶክን ነው። ሰዎን የሚባለው የትምህርት ሰፈሯ የሚሠራው ኮረብታ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ካርታው ሲከፈት ዓይኔ የሚሄደው ወደ ኮረብታ ነው። እዚህ ሰዎን፣ እዚያ እርሻ፣ ወንዙ ዳር ከተማ።

ጦርነት የወሰንኩ ቀን ያው ካርታ ሌላ ካርታ ይሆንብኛል። ኮረብታው አሁን ወታደር የሚመሽግበት፣ የሚገሰግሰውን ጦር ደግሞ የሚያዘገይ ቦታ ነው። ወንዙን እየተሻገረ የሚያጠቃ ጦር ይዳከማል። ለዓመታት የነገድኩት ጎረቤትም ግንቡ ስንት ነው፣ ከየት በኩል ይቀርባል የሚል ስሌት ይሆናል። ይሄ ስሜት ከበድ ይለኛል፤ በጌምም ቢሆን።

ብዙ ሰው ወደ ጦር መዞር ማለት ግንባታውን መተው ይመስለዋል። እኔ አልስማማም። ጦርነቱ የሚያልቀው ገና ሳይታወጅ ነው። በሳይንስ ከቀደማችሁ መድፉ ከሌላው በፊት እጃችሁ ይገባል። ወርቅ ካጠራቀማችሁ ደግሞ ቀድማችሁ በርካሽ የሠራችኋቸውን ካታፑልቶች፣ ማለትም ድንጋይ ወርዋሪ የጥንት መሣሪያዎች፣ ወደ ዘመናዊው ታሳድጋላችሁ። ፕሮፌሽናል አርሚ የሚባለው የፖሊሲ ካርድ፣ ማለትም ለመንግሥታችሁ የምትመርጡት መመሪያ፣ የማሳደጊያውን ወርቅ በግማሽ ይቀንሳል። እነዚያ ሰላማዊ የሚመስሉ ትምህርት ቤቶችና ገበያዎች ሁሉ ለካ ስንቅ ነበሩ።

አዋጁም ሥርዓት አለው። ቀድማችሁ በይፋ ካወገዛችሁ በኋላ 5 ተራ ጠብቃችሁ ብትገቡ፣ ሌሎች መንግሥታት የሚይዙባችሁ ቂም በድንገት ከመውረር ያነሰ ነው። መጠበቅ ያዋጣል።

ከበባው ላይ ትዕግሥት የሌለው ይሸነፋል። ካታፑልት በአንድ ተራ ተንቀሳቅሶ ወዲያው መተኮስ አይችልም። ዛሬ ይደርሳል፣ የሚተኩሰው በሚቀጥለው ተራ ነው። በመሃል ከግንቡ ይተኮስበታል። ስለዚህ ከፊቱ ጠንካራ እግረኛ አቁሙ። ከተማዋን ዙሪያዋን ክበቧት፤ መውጫ መግቢያ ካጣች ማገገም አትችልም። ይሄን ሳያደርጉ ግንብ መደብደብ ውኃ መውቀጥ ነው።

ግን ልቤ ያለው ከዚያ በኋላ ባለው ላይ ነው። ከተማዋ ወደቀች እንበል። እ.ኤ.አ. በ2018 ራይዝ ኤንድ ፎል የሚባለው የጌሙ ተጨማሪ ክፍል ከመጣ ወዲህ ታማኝነት የሚባል ነገር አለ። እስከ 9 ሰሌዳ ርቀት ድረስ (ሰሌዳ የምለው ካርታው የተከፋፈለበትን እያንዳንዱን ቁራጭ ነው) ያሉ ከተሞች ሕዝብ በየተራው ወደ ራሱ ይስባታል። የቀድሞ ወገኖቿ ከከበቧት ታማኝነቷ እየወረደ ዜሮ ይገባል፤ ያን ጊዜ አምፃ ነፃ ከተማ ትሆናለች። ገዥ ስትመድቡላት 8 ነጥብ ይጨምራል፤ ጥሩ ነው፣ ሁልጊዜ ግን አይበቃም። መፍትሔው አጠገቧ ያለችውንም ቶሎ መያዝ ነው፤ ሁለቱ ይደጋገፋሉ።

ይሄን ሕግ በጣም እወደዋለሁ። በጌሙ ውስጥ የተያዙት ሰዎች የሚናገሩት በዚህ ብቻ ነው። ሠራዊትህ አሸነፈ፣ እኛ ግን ገና አልተቀበልንህም ይሉሃል። እኔም ከተማ በያዝኩ ቁጥር ዘመቻውን ገታ አድርጌ የፈረሰውን እጠግናለሁ፣ ሕዝቡ የጎደለውን እሞላለሁ።

ማቃጠልም ይቻላል፤ ዋና ከተማ ካልሆነች በስተቀር። እኔ አላቃጥልም። እናንተስ? በጦር ለማሸነፍ የሁሉም ተቀናቃኝ የመጀመሪያ ዋና ከተማ በእጃችሁ መሆን አለበት፤ በመንገድ ላይ ያሉትን ትናንሽ ከተሞች ምን ታደርጓቸዋላችሁ? በድምፅ ላኩልኝ፣ በሚቀጥለው ክፍል አሰማለሁ። ደህና ሁኑ።