ጠያቂ የሌለው አልጋ

የተከበራችሁ አባቶች፣ ደናግል እህቶች፣ እናቶችና ወጣቶች፤ እንደምን ዋላችሁ?

ካቶሊካዊ እምነታችንን በርኅራኄ ስለ መኖር እንድናገር ተጠይቄያለሁ። ዕድሜዬን በነርስነት ስላሳለፍኩ ከማውቀው ቦታ፣ ከሆስፒታል አልጋ አጠገብ ብጀምር ይሻለኛል።

ባሕር ዳር ላይ በሽተኛ መጠየቅን ማንም አያስተምረንም። ጎረቤት ተኛ ሲባል ፔርሙሱ በአጥሚት ይሞላል፣ ብርቱካኑ በፌስታል ይያዛል፣ ባጃጅ ይጠራል። የለቅሶውማ አይነሳ! እድራችን ኦርቶዶክሱንም፣ ሙስሊሙንም፣ እኛንም አንድ ድንኳን ሥር ያስቀምጠናል። ቤተ ክርስቲያናችን ሥጋዊ የምሕረት ሥራዎች የምትላቸው 7 ናቸው፤ የተራበን ማብላት፣ የተጠማን ማጠጣት፣ የታረዘን ማልበስ፣ እንግዳን መቀበል፣ የታመመን መጠየቅ፣ የታሰረን መጎብኘት፣ የሞተን መቅበር። አንዲት የጎጃም እናት ይህን ብትሰማ «ታዲያ ይሄ ምን አዲስ ነገር አለው?» ትላለች። እውነቷን ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የምንጠይቀው የምናውቀውን ሰው ነው። እድርም የሚቀብረው አባሉንና ቤተሰቡን ነው። ወገን የሌለውስ?

ወደ ከተማችን ሆስፒታሎች ሰው ከሩቅ ይመጣል። ከቆላውም፣ ከደጋውም፣ ከሐይቁ ማዶም። በእኛ አገር ደግሞ አስታማሚ የሌለው በሽተኛ ግማሽ ታካሚ ነው። መድኃኒቱን ከውጭ ግዙ ሲባል የሚሮጠው አስታማሚ ነው። ናሙናውን ላቦራቶሪ የሚያደርሰው፣ ሌሊት የሚያገላብጠው፣ ደግፎ ሽንት ቤት የሚወስደው እሱ ነው። አስታማሚ የሌለው ሰው ማዘዣውን አጣጥፎ ትራሱ ሥር ያስቀምጠዋል። በማግስቱ አንሶላውን ስትቀይሩ ወረቀቱን እዚያው ታገኙታላችሁ።

አንድ ጊዜ ከነገደ ወይጦ የሆኑ አዛውንት ተኝተው ነበር። ነገደ ወይጦን ታውቃላችሁ፤ ደንገል አጭደው ታንኳ የሚሠሩ የጣና ልጆች ናቸው። ታንኳቸው ላይ ፎቶ እንነሳለን፤ ከመሶባቸው ግን የማንቆርስ ብዙ ነን። ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ደፍረን ግን አናወራውም። አዛውንቱ ማንም አልነበራቸውም። ከጎናቸው ልጇን የምታስታምም አንዲት የገጠር ሴት ነበረች፤ አንገቷ ላይ ጥቁር ማተብ አስራለች። ምሳዋን ፈታች። ልጇን አጎረሰች። ከዚያ ዞር ብላ «አባባ፣ ይቺን በሞቴ» አለቻቸው። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ስለነበር እስኪጠግቡ ድረስ በእጇ አጎረሰቻቸው። የተረፈውን ከዚያው ሳህን እሷ በላችው።

«ተርቤ አብልታችሁኛልና» ያለው ጌታ በዚያ ክፍል ውስጥ የትኛው አልጋ ላይ እንደተኛ አልጠፋትም። በቅዳሴያችን ሥጋውን የምንቀበለው ጌታ እሱ ራሱ ነው። ቆርበን ወጥተን ያንን አልጋ ዘለን ካለፍን፣ ማንን እንደተቀበልን ገና አልገባንም ማለት ነው። ጠንከር ያለ ነገር እንደተናገርኩ አውቃለሁ፤ ግን ከልቤ ነው።

እዚህ ላይ የራሳችንን ታሪክ ላንሳ። ለጣና ዳርቻ ካቶሊክ ይህን ማስታወስ ግዴታ ይመስለኛል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ተቀብለው በመንግሥት ሥልጣን የሀገሩ ሃይማኖት ለማድረግ ሞከሩ። ሕዝቡ ተነሣ፣ ብዙ ደም ፈሰሰ፣ እ.ኤ.አ. በ1632 ንጉሡ ራሳቸው ለሕዝቡ የቀድሞ ሃይማኖቱን መለሱለት። ከ200 ዓመት በኋላ፣ በ1839፣ ጣሊያናዊው ሚስዮናዊ ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ ሲመጣ ጦርም ዐዋጅም አልነበረውም። በትሕትናው ከተሳቡት አንዱ ጎጃሜው መነኩሴ፣ የመርጡለ ማርያሙ ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ነበር። እሱም በ1855 በሰንሰለት እንደታሰረ ሞተ።

ስለዚህ ርኅራኄያችን የሰው ማጥመጃ እንዳይሆን እንጠንቀቅ። አጥሚት ይዘን ስንሄድ ስለ ሃይማኖት አንከራከርም። በሽተኛው ጸሎት ከፈለገ ይጠይቀናል። የንስሐ አባቱን ከፈለገ የእሱን ቄስ እንጠራለታለን። ሙስሊም ከሆነም ወገኖቹን ፈልገን እናመጣለታለን።

ቅዱስ ዩስጢኖስ የቅዱስ ቪንሰንት ዘጳውሎስ ማኅበር አባል ነበር። የቅዱስ ቪንሰንት በዓል በሌሎች አገሮች ሴፕቴምበር 27 ይከበራል፤ ይህም በአብዛኛው ከእኛ መስቀል ጋር አንድ ቀን ይውላል። ቅዱስ ቪንሰንት በ1617 እ.ኤ.አ. በአንዲት የፈረንሳይ መንደር ቆሞስ፣ ማለትም የደብሩ ቄስ፣ ሳለ፣ አንድ ቤተሰብ እንዳለ ታሞ ተኝቷል ብለው ነገሩት። በስብከቱ ላይ አነሳው። ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ ምግብ ተሸክሞ ሄደ። እሱ ግን ያንን ሁሉ ዳቦና ሥጋ አይቶ አሰበ፤ ዛሬ ይህ ሁሉ ተከመረ፣ የተረፈው ይበላሻል፣ ከዚያ ሰዎቹ ተመልሰው ይራባሉ። ስለዚህ የመንደሩን ሴቶች ሰብስቦ ተራ አወጣላቸው። እኔ ይህን ታሪክ ከብዙ ተአምር በላይ እወደዋለሁ። በዓመት በዓል ቀን ሆስፒታሉ በጠያቂ ይጨናነቃል። ማክሰኞ ከሰዓት ግን ማን አለ?

ሀገረ ስብከታችን፣ የባሕር ዳር–ደሴ ማለቴ ነው፣ የተቋቋመው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ የምሕረትን ኢዮቤልዩ፣ ማለትም ለምሕረት የተሰጠውን ልዩ ቅዱስ ዓመት፣ ከፈቱ። በቁጥር ትንሽ ነን፤ ከሀገሩ ሕዝብ መቶ እጅ አንዱን እንኳ ብንሞላ ነው። ለአንድ ክፍል በሽተኛ ግን አናንስም።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ሁለት ሁለት እየሆናችሁ በሳምንት አንድ ቀን ያዙ። ክፍሉ ስትደርሱ መጀመሪያ ነርሷን «አስታማሚ የሌለው የቱ ነው?» በሏት። ሳትጠይቋት ምንም አታብሉ፤ ቀዶ ጥገና የሚጠብቅ ሊኖር ይችላል፣ ስኳር ያለበት ሊኖር ይችላል። ሽሮ ወይም ምስር ውሰዱ፤ ጾመኛውም ሙስሊሙም ሳይሳቀቅ ይበላዋል። ትራሱ ሥር ማዘዣ ካለ ተቀበሉትና ፋርማሲ ሂዱ፤ ገንዘብ ካነሰ ለቁምስናው ንገሩ። ፎቶ አታንሱ፣ ፌስቡክ ላይም አትለጥፉ። ደግሞም «እመለሳለሁ» ካላችሁ ተመለሱ፤ ያ ሰው በሩን በሩን እያየ ነው የሚውለው።

የተራው መዝገብ በሲስተር እጅ ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ገና ባዶ ናቸው፤ ሥራ የሌለባችሁ ተማሪዎች እነሱን ብትይዙልን ደስ ይለኛል። ስለሰማችሁኝ እግዚአብሔር ያክብርልኝ።