ከ1870 ማዶ፦ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች የአንድን ጥቁር ቤተሰብ የዘር ሐረግ መከተል

ሰላም፦ የዛሬው ውይይታችን በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች በባርነት የኖሩ ሰዎች ተወላጆች የአያት ቅድመ አያቶቻቸውን ስም በ19ኛው ክፍለ ዘመን መዛግብት ውስጥ እንዴት እንደሚያፈላልጉ ይመለከታል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው። ዮናስ፣ ፍለጋው 1870 ላይ ይቆማል የሚባለው ለምንድን ነው?

ዮናስ፦ ከባርነት ነጻ የወጡትን ሰዎች በየስማቸው የመዘገበው የመጀመሪያው አገር አቀፍ የሕዝብ ቆጠራ የዚያ ዓመት ስለሆነ ነው። በ1850 እና በ1860 በባርነት የተያዙት የተቆጠሩት በተለየ ቅጽ ነበር፤ የባለቤቱ ስም ይጻፍና ከሥሩ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ መስመር ተሰጥቶ ዕድሜው፣ ጾታውና የቆዳው ቀለም ይሰፍራል፤ ስም ግን በአብዛኛው የለም። «35፣ ወንድ፣ ጥቁር» የሚል መስመር ብቻ ይዞ «ይህ ቅድመ አያቴ ነው» የሚል ሰው ሐረጉን በምኞት እየቀጠለ ነው።

ሰላም፦ ታዲያ እዚያ የደረሰ ሰው ወዴት ይሂድ?

ዮናስ፦ ከሁሉ በፊት ያንኑ የ1870 ገጽ ረጋ ብሎ ያንብብ። ገጹ በአንድ ቤት የሚኖሩትን ይዘረዝራል እንጂ ዝምድናቸውን አይናገርም፤ ዝምድና መጻፍ የተጀመረው በ1880 ነው። ከአባወራው ቀጥላ የተጻፈችው ሴት ሚስቱም እህቱም ልትሆን ትችላለች። ጎረቤቶቹንም ይመልከት፤ ብዙዎች ነጻ ከወጡ በኋላ ከቀድሞው እርሻ ብዙም ስላልራቁ፣ በአቅራቢያው ያለው ባለ ሰፊ መሬት ነጭ ቤተሰብ የቀድሞው ባለቤት ሊሆን ይችላል።

ሰላም፦ የቤተሰቡ ስም ራሱ ወደ ባለቤቱ አይመራም?

ዮናስ፦ አንዳንድ ጊዜ ይመራል፤ ነገር ግን ከመጨረሻው ባለቤት ይልቅ የቀደመውን ባለቤት ስም የያዙ፣ ራሳቸው የመረጡትን የወሰዱም አሉ። ባለቤቱ ከታወቀ በኋላ ግን ፍለጋው ወደ ነጩ ቤተሰብ ወረቀቶች ይዞራል፤ አንድን ሐረግ ለማግኘት ሁለት ሐረግ ማጥናት ግድ ይላል። ባለቤቱ ሲሞት የካውንቲው (ከግዛት በታች ያለው የአስተዳደር ክፍል) ፍርድ ቤት የሾማቸው ገማቾች ንብረቱን ይመዘግባሉ፤ በዚያ ዝርዝር በቅሎው፣ ማረሻውና አልጋው ከተጻፉበት ገጽ ላይ ሰዎች በስማቸውና በዋጋቸው ተጽፈዋል፤ እናት ከምታጠባው ልጅ ጋር በአንድ መስመር በአንድ ዋጋ የተገመተችበትም አለ። ወራሾቹ ሲካፈሉ ደግሞ የትኛው ልጅ ለማን እንደደረሰ ይታወቃል።

ሰላም፦ የሚያንገበግበው ይኸው ነው፤ ሰውን እንደ ዕቃ የቆጠረው ወረቀት ስሙን ሲይዝ፣ የሕዝብ ቆጠራው አልያዘውም።

ዮናስ፦ ምክንያቱ ገንዘብ ነው፤ ወራሽና አበዳሪ የትኛው ሰው እንደሆነ ለይተው ማወቅ ነበረባቸው። ሰዎቹ ራሳቸው የተናገሩት የሚገኘው ከነጻነት በኋላ ነው። ከባርነት ነጻ ለወጡ ሰዎች በ1865 የተቋቋመው የቁጠባ ባንክ፣ የፍሪድመንስ ባንክ፣ ደንበኛውን የትውልድ ቦታውን፣ የሚስቱንና የልጆቹን፣ የአባቱን፣ የእናቱን፣ የወንድሞቹንና የእህቶቹን ስም ይጠይቅ ነበር፤ በመጀመሪያዎቹ ቅጾች የቀድሞ ጌታና የእርሻ ስምም አለ። ባንኩ በ1874 ሲዘጋ ከ61,000 በላይ ደንበኞች ወደ 3 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ተቀማጭ ነበራቸው፤ ለእነርሱ መከራ የሆነው ባንክ መዝገቡ ለልጅ ልጆቻቸው ተርፏል።

ሰላም፦ የወታደሮቹስ?

ዮናስ፦ በእርስ በርሱ ጦርነት ለኅብረቱ (ለሰሜኑ) ጦር ከተሰለፉት ወደ 179,000 ጥቁር ወታደሮች መካከል የሟቾቹ ሚስቶች ጡረታ ሲጠይቁ ጋብቻቸውን ማስረዳት ነበረባቸው። በባርነት ዘመን ጋብቻቸው በሕግ ስለማይታወቅ፣ አብረዋቸው በአንድ እርሻ የኖሩ ሰዎች መቼና የት እንደተጋቡ፣ ልጆቹ በማን እጅ እንደተወለዱ ቃላቸውን ሰጥተዋል። እኔ አንድ ፋይል ብቻ ምረጥ ብባል የጡረታውን እመርጣለሁ።

ሰላም፦ የካውንቲው ፍርድ ቤት በእርስ በርሱ ጦርነት የተቃጠለበት ሰውስ?

ዮናስ፦ የባንኩና የጡረታው መዝገቦች በፌዴራል መንግሥት እጅ ያሉ ስለሆኑ ያ እሳት አልነካቸውም፤ ነጻ የወጡትን ይረዳ የነበረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ የፍሪድመንስ ቢሮ፣ የሥራ ውሎችና የጋብቻ መዝገቦችም ፋሚሊሰርች በተባለው የዘር ሐረግ ድረ ገጽ በነጻ ይገኛሉ። የ1890 ቆጠራ ግን አብዛኛው በ1921 ዋሽንግተን ውስጥ በደረሰ ቃጠሎ ተጎድቶ ኋላ ላይ ተወግዷል፤ ስለዚህ ከ1880 እስከ 1900 ያለውን ክፍተት ነጩም ጥቁሩም በግብር መዝገብና በከተማ የነዋሪዎች ማውጫ መሙላት ይኖርበታል።