አስራ አንድ ለምን?

እሺ... ሄዷል? ቀዩ በርቷል፣ ሄዷል። እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ስለ ድራፍት፣ ስለ አዲስ ተጫዋቾች ምርጫ ነው ብዬ ነበር፤ ይቅር። የኤክሴሉ ሰውዬ አበላሸብኝ። ታውቁታላችሁ፣ ሜይ በመጣ ቁጥር የኤንኤፍኤልን፣ የአሜሪካን ፉትቦሉን ሊግ፣ የ32ቱን ቡድን መርሃ ግብር በቀለም ከፋፍሎ የሚልከው። ዘንድሮ ከሰንጠረዡ ግርጌ አንድ መስመር ጨምሯል፦ «ዋትሰንን 11 ጨዋታ ሲቀጡት ካላንደሩ ጠረጴዛው ላይ ነበር ወይስ አልነበረም?» በቃ ይኸው። ዋትሰን ማለት ዴሾን ዋትሰን ነው፣ ከሂውስተን ወደ ክሊቭላንድ ብራውንስ የተዛወረው ኳርተርባክ፣ ኳሱን የሚወረውረው፤ ሊጉ በሥነ ምግባር ደንብ ቀጣው። ጥያቄው ቁጥሩ የተመረጠው የሚመለስበት ጨዋታ ታይቶ ነው ወይ ነው። የቆየ ነገር ነው፣ የ2022 ነገር ነው፣ ግን አንዴ ከተነሳ አይለቅም።

እስቲ አብረን እንቁጠር። ጣታችሁን አውጡ። ብራውንስ አንደኛ ሳምንት ካሮላይና ሄዱ። ከዚያ ጄትስ፣ ስቲለርስ፣ አትላንታ፣ ቻርጀርስ፣ ፓትሪየትስ፣ ባልቲሞር፣ ሲንሲናቲ። ስምንት። ዘጠነኛው ሳምንት እረፍት ነው፤ አይቆጠርም። ቅጣቱ በጨዋታ እንጂ በሳምንት አይደለም፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይስትና «12ኛ ሳምንት ላይ ይመለሳል» ይላል። ማያሚ፣ ቡፋሎ፣ ታምፓ። አስራ አንድ ሞላ። ቀጣዩስ? ሂውስተን። 13ኛ ሳምንት፣ ዲሴምበር 4፣ ያውም ሂውስተን ሄደው። ጥሎት የወጣው ቡድን ሜዳ ላይ።

አሁን ቁጥሩን ቀያይሩት። ስድስት ቢሆን ባልቲሞር ላይ ይመለሳል። ስምንት ቢሆን ማያሚ። አስር ቢሆን ክሊቭላንድ ላይ ከታምፓው ቶም ብሬዲ ጋር። አስራ ሁለት ቢሆን ሲንሲናቲ። ሂውስተን የሚገኘው አስራ አንድ ላይ ብቻ ነው። ከ17 ጨዋታ አንዷ ላይ።

ጄትስ ስል ግን... ይቺን ሳልል አላልፍም። ሁለተኛ ሳምንት። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልቀረም፣ የብራውንሱ ኒክ ቸብ ሮጦ ገባ፣ 30 ለ17። ጄትስ የቀራቸው ታይምአውት፣ ሰዓት ማስቆሚያ፣ የለም። ቸብ መስመሩ ጋ ሲደርስ ቢተኛ ሰዓቱን አቃጥለው ጨረሱ፤ አልተኛም፣ ገባ። መቺው ኬድ ዮርክ ደግሞ ተጨማሪዋን ነጥብ ሳተ። የጄትሱ ጆ ፍላኮ ባለ 66 ያርዱን ወረወረ፣ ኦንሳይድ ኪኩን፣ መልሶ ለመያዝ የሚመታውን አጭር ምት፣ ወሰዱ፣ 22 ሰከንድ ሲቀር ደገመ። 31 ለ30። ይኸው ፍላኮ በዓመቱ መጥቶ ክሊቭላንድን ፕሌይኦፍ፣ ጥሎ ማለፉ ውስጥ፣ አስገባ። እና «ለምን ክሊቭላንድን ትጠላለህ» የምትሉኝ ሰዎች፣ እኔ አልጠላም፣ ራሳቸው ናቸው እንዲህ የሚያደርጉት። እሺ። ተመለስኩ።

ካላንደሩ። «ሊጉ ሆን ብሎ ሂውስተን ላይ አስቀመጠው» የሚል ወሬ አለ። ይሄ ክፍሉ ውሸት ነው፣ እዚህ ላይ አልከራከርም። ማን ከማን ጋር እንደሚጫወት የሚወስነው ቀመር ነው። ሊጉ በሁለት ኮንፈረንስ ነው የተከፈለው፣ ኤኤፍሲና ኤንኤፍሲ። ስድስቱ ጨዋታ ከራስ ምድብ ጋር። አራቱ በተራ ከሚደርሰው የራስ ኮንፈረንስ ምድብ ጋር፤ ያን ዓመት ለብራውንስ ምድብ፣ ለኤኤፍሲ ኖርዝ የደረሰው ኤኤፍሲ ኢስት ነበር። አራቱ ከሌላው ኮንፈረንስ ምድብ ጋር፣ እሱ ኤንኤፍሲ ሳውዝ ነበር። ሁለቱ ደግሞ ከቀሩት ሁለት የኤኤፍሲ ምድቦች፣ ባለፈው ዓመት አንተ በጨረስክበት ደረጃ ከጨረሰው ቡድን ጋር። 17ኛዋ የተጨመረችው በ2021 ነው፣ እሷም በደረጃ ናት። ብራውንስ በ2021 ስምንት አሸንፈው ዘጠኝ ተሸንፈው ሦስተኛ ወጡ። ከቻርጀርስ ጋር የተገናኙት ለዚህ ነው፣ ከዋሽንግተን ጋር የተገናኙትም ለዚህ ነው። ሂውስተንስ? አራት ብቻ አሸንፎ ሦስተኛ ወጣ። ጃክሰንቪል ሦስት ስላሸነፈ። በአንዲት ድል! ያን ዓመት ደግሞ ዋትሰን የሂውስተን ተጫዋች ሆኖ አንድም ጨዋታ አልተሰለፈም። እሱ ባለመጫወቱ ቡድኑ ወረደ፣ ወርዶ ወርዶ ልክ ክሊቭላንድ ያለበት ደረጃ ላይ አረፈ። ይሄ ሁሉ ጃንዋሪ 9፣ 2022 ላይ አልቋል። ዝውውሩ ማርች 18 ነው። ማንም አላሰበውም።

ሳምንቱን ግን ሊጉ ነው የሚመርጠው። መርሃ ግብሩ የወጣው ሜይ 12 ነው። ሜይ ላይ ዝውውሩ ይታወቃል፣ ቅጣቱ ስንት እንደሚሆን አይታወቅም። ስለዚህ ሜይ ላይ ማነጣጠር አይቻልም።

ኦገስት ላይስ? ኦገስት ላይ ካላንደሩ የሁሉም ሰው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል።

ቅደም ተከተሉን ላስታውሳችሁ። በ2020ው የጋራ ስምምነት መሠረት የመጀመሪያውን ውሳኔ ኮሚሽነሩ፣ የሊጉ የበላይ፣ አይሰጥም፤ ሊጉና የተጫዋቾች ማኅበር አብረው የሚሰይሙት ሰው ነው የሚሰጠው። የተሰየሙት የቀድሞ የፌዴራል ዳኛ ሱ ሮቢንሰን ናቸው። ኦገስት 1 ስድስት ጨዋታ አሉ። ይግባኙ ግን ወደ ኮሚሽነሩ ወይም እሱ ወደሚወክለው ሰው ነው የሚሄደው፤ ሊጉ ቢያንስ አንድ ዓመት ይታገድ ብሎ ይግባኝ አለ፣ ጉዳዩ ኮሚሽነሩ ለወከላቸው ለፒተር ሃርቪ ተሰጠ። ሃርቪ ሳይወስኑ፣ ኦገስት 18፣ ሁለቱ ወገን ተስማሙ። 11 ጨዋታና 5 ሚሊዮን ዶላር።

እና እዚህ ጋ ነው እኔን የሚይዘኝ። ስድስቱ ከኋላው 16 ገጽ አለው። ትስማማለህ አትስማማም፣ ታነበዋለህ፦ ምን ተረጋገጠ፣ ከዚህ በፊት ለማን ስንት ተሰጠ፣ ለምን ከዚያ አልበለጠም። ሴትየዋ አብራርተው ጽፈውታል። አስራ አንዱስ? አስራ አንዱ አንድም ገጽ የለውም። ስምምነት ነው። ስምምነት ምክንያት አይጽፍም። መርካቶ አንዱ ሺህ፣ አንዱ ሦስት መቶ ብሎ ስድስት መቶ ሃምሳ ላይ ሲጨባበጡ «ሃምሳዋ ከየት መጣች» ብሎ የሚጠይቅ አለ? የለም። እኛ ግን እንጠይቃለን፣ ምክንያቱም ሃምሳዋ ሂውስተን ላይ ወደቀች።

ከካላንደሩ ሌላ አንድ ማብራሪያ አለ፣ ለእኔ ይሄኛው ይሻላል... ይሻላል መሰለኝ። አንድ ተጫዋች ዓመቱ እንደ አገልግሎት ዘመን እንዲቆጠርለት ቢያንስ ስድስት ጨዋታ ሙሉ ደመወዝ እየተከፈለው ዝርዝር ውስጥ መኖር አለበት። የታገደበት ጨዋታ አይገባም። 17 ሲቀነስ 11፣ ስድስት። አያችሁ? አስራ አንድ ማለት ዓመቱ ሳይቃጠልበት ሊቀጣ የሚችልበት የመጨረሻው ቁጥር ነው። አስራ ሁለት ቢሉ አምስት ይቀረዋል፣ ዓመቱ ሄደ። ማኅበሩ «ከዚህ አንዲት አታልፉም» ቢል፣ ሊጉም «እስከዚያ ድረስ እንገፋለን» ቢል፣ አስራ አንድ ላይ ይቆማሉ። ሂውስተን በአጋጣሚ እዚያ ተቀምጣለች ማለት ነው። ያምራል። ግን ማንም ወጥቶ «ለዚህ ነው» አላለም፣ እኔም የማንንም ድርድር አልሰማሁም።

ሌላም አለ። ሊጉ ያን ጨዋታ ሊሸጠው ፈልጎ ቢሆን ኖሮ አገር ሁሉ ወደሚያየው ወደ እሁድ ማታ ያዛውረው ነበር። በዚያ ሳምንት ማዛወር ይችላል፣ ከ12 ቀን በፊት ማሳወቅ ብቻ ነው የሚጠበቅበት። አላዛወረም። ሂውስተን ላይ እኩለ ቀን ላይ ተጫወቱ፣ እኛ ዲሲ አካባቢ ያለን ሰባት ሰዓት ላይ፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት። ማታ የታየው ዳላስ ኮልትስን 54 ለ19 ሲጨፈልቅ ነው። እንግዲህ ታዋቂ ገበያተኛ ነው የምንለው ሊግ ይቺን ነገር ጥግ ውስጥ ደበቃት። ወይም... አፍሮ ይሆናል። ማፈርና አለማቀድ አንድ አይደሉም ግን። አቅደህም ልታፍር ትችላለህ።

ገንዘቡ። ይሄን ቶሎ ልበለው፣ ያናድደኛል። ውሉ አምስት ዓመት፣ 230 ሚሊዮን፣ ሙሉ በሙሉ ዋስትና ያለው። የ2022 መነሻ ደመወዙ ግን 1,035,000 ብቻ። ቀሪው 44,965,000 የፊርማ ቦነስ ሆኖ ተጻፈ። የታገደ ተጫዋች የሚያጣው መነሻ ደመወዙን ነው፣ ከእረፍቷ ሳምንት ጋር ለ18 ሳምንት ተካፍሎ። 57,500 በጨዋታ። በ11 ስታባዙት 632,500። መነሻው 46 ሚሊዮን ተደርጎ ቢጻፍ ኖሮ ያቺው 11 ጨዋታ 28 ሚሊዮን ትበልጥ ነበር። የ5 ሚሊዮኑ መቀጮ ከየት እንደመጣ ከዚህ ትረዳላችሁ፤ ያለ እሱ ቅጣቱ ኪስ ውስጥ አይሰማም። ክሊቭላንድ «ውል የምንጽፈው ሁሌም እንዲህ ነው፣ የመጀመሪያውን ዓመት ከደመወዝ ጣሪያው በታች ለማድረግ» ብሏል። እውነት ነው፣ ቦነሱ ለአምስት ዓመት ተከፋፍሎ ስለሚመዘገብ በዚያ ዓመት ጣሪያው ላይ የያዘው 10 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነው። ሌሎችም እንዲህ ያደርጋሉ። ግን ሌሎቹ ፊርማው ላይ እገዳ እያንዣበበ አይደለም የሚያደርጉት።

እና ዲሴምበር 4። ቀረጻውን ደጋግሜ ነው የማየው፣ ሌላ ነገር ሳስስ ራሱ እዚያ እደርሳለሁ። ከኋላው 700 ቀን አለ፣ የመጨረሻው መደበኛ ጨዋታው ጃንዋሪ 3፣ 2021 ነው። ሲወጣ ስታዲየሙ ይጮህበታል። ኳሱ ወደ እጁ በመጣ ቁጥር ይጮህበታል። እግሩ አልተገጣጠመም፤ ኳሱ አንዴ ከተቀባዩ እግር ስር፣ አንዴ ከኋላው ይወርዳል። ጎል መስመሩ ደርሰው ወረወረ፣ የሂውስተኑ ጄለን ፒትሬ ኢንድ ዞን፣ ነጥብ የሚቆጠርበት ጫፍ ውስጥ ያዘበት። 22 ወርውሮ 12 ተያዘለት፣ 131 ያርድ፣ ታችዳውን የለም። ብራውንስ ግን 27 ለ14 አሸነፉ! ሦስት ታችዳውን ገባ፣ አንዱም ከአጥቂው ክፍል አይደለም። ፒፕልስ ጆንስ ፑንት፣ ሂውስተን በእግር የመቱትን ኳስ ይዞ 76 ያርድ ሮጠ፣ ዴንዜል ዋርድ ከወደቀች ኳስ፣ ቶኒ ፊልድስ ከኢንተርሴፕሽን፣ ከተጠለፈ ውርወራ። 230 ሚሊዮኑ ቁጭ ብሎ ቢያይ ኖሮ ያው ነበር ውጤቱ።

እዚህ ላይ ሁሌ እስቅ ነበር።

ከዚያ ግን... ዋትሰንን በማሳጅ ላይ ወሲባዊ ጥቃት አደረሰብን ብለው የከሰሱት ሴቶች ጠበቃ ከጨዋታው በፊት ከከሳሾቹ አስር ያህሉ ስታዲየም እንደሚገኙ ተናግሮ ነበር። ከ20 በላይ ሴቶች ናቸው ክስ ያቀረቡት። ዋትሰን አላደረግሁም ብሏል፣ ቴክሳስ ውስጥ ሁለት የግራንድ ጁሪ ጉባኤዎች የወንጀል ክስ አይመሰረትም ብለዋል፣ የፍትሐ ብሔሩም በአብዛኛው በስምምነት አልቋል። ሮቢንሰን ደግሞ የሊጉን ደንብ ጥሷል ብለዋል። ይሄ ሁሉ በአንድ ላይ እውነት ነው። እና እኛ ምን ላይ ነን? 12 ከ22 ላይ። እኔም። አሁን ያደረግነው ምንድን ነው፣ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ጣት አውጥተን ጨዋታ ቆጠርን። ቁጥሩን የደረስነው በእነሱ ምክንያት ነው፣ በቁጥሩ ውስጥ ግን አንዳቸውም የሉም። አላውቅም፣ ይሄን ወዴት እንደምወስደው አላውቅም። የስፖርት ፕሮግራም ነው፣ ልቆጥር ነው የምመጣው።

ካልቪን ሪድሊን ላንሳና ልጨርስ። የአትላንታው ተቀባይ፣ በ2021 ኖቬምበር ከቡድኑ ርቆ ሳለ 1,500 ዶላር ያህል ተወራረደ። ማርች 2022፣ ዋትሰን ሊዘዋወር ቀናት ሲቀሩት፣ ቢያንስ ሙሉ ዓመት ታገደ። 11 ሚሊዮን ደመወዝ ሄደበት። ማንም «ለምን 17» አላለም፣ ምክንያቱም የውርርድ ደንቡ ሌላ መስመር ነው፣ ሌላ ሂደት ነው፣ ሮቢንሰን ጋ አይሄድም። ስለዚህ ሁለቱን ማወዳደር ትክክል አይደለም፣ የኤክሴሉ ሰውዬም ይሄን ይነግረኛል፣ ልክም ነው። ግን አንድ ሕንጻ ውስጥ ያሉ ሰዎች ናቸው፣ በዚያው ዓመት፣ አንዱን እንዲህ አንዱን... ቆይ፣ የሪድሊ መነሻ ደመወዝ 11.1 ሚሊዮን ነበር አይደል? አዎ። እሱን በ18 ብታካፍሉት... እ... እሺ፣ አሁን ካሰላሁት እዚሁ ነው የምናድረው።