60 ኪሎ ሜትር በአንድ ሳምንት፦ የቡርጎኝ የወይን መንገድ በካምፐርቫን

[ምስል፦ ከዲዦን ወደ ደቡብ የሚወርድ ጠባብ መንገድ፣ ግራና ቀኙ የወይን ተክል]

በምሥራቅ ፈረንሳይ ከዲዦን ከተማ ተነስቶ ሳንትኔ መንደር ድረስ የሚዘልቀው የቡርጎኝ የወይን መንገድ ርዝመቱ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ በ1937 እ.ኤ.አ. ለጎብኚዎች የተሰየመ ሲሆን፣ ሳይቆም የሚነዳ ሰው በግማሽ ቀን ሄዶ ይመለስበታል። እኛ ግን አራት ጓደኛሞች አንድ ካምፐርቫን ተከራይተው ሙሉ ሳምንት ሊሰጡት የሚገባ መንገድ ነው እንላለን። አራቱን የፈረንሳይ የወይን ክልሎች፣ ቦርዶን፣ ሻምፓኝን፣ አልዛስንና ቡርጎኝን፣ በአንድ ጉዞ ለማዳረስ የሚነሱ ሰዎች አብዛኛውን ቀን በአውራ ጎዳና ላይ ያሳልፉና የወይኑን አገር በመስኮት ብቻ አይተው ይመለሳሉ፤ መኝታዋንና ምድጃዋን ይዛ የምትጓዝ መኪና ትልቁ ጥቅሟ ደግሞ በፈለጋችሁበት መንደር ቆማችሁ ማደር መቻላችሁ ነው።

ቡርጎኝ ይህን ያህል ጊዜ የሚፈልግበት ምክንያት መሬቱ ላይ ይታያል።

[ምስል፦ ተዳፋቱ ከጎን፤ ግርጌው፣ ወገቡና አናቱ በቀለም ተለይቶ]

ከዲዦን ወደ ቦን ከተማ የሚወስደውን ዋና መንገድ ይዛችሁ ስትወርዱ በግራችሁ፣ በምሥራቅ በኩል፣ ሜዳው ይዘረጋል፤ በቀኛችሁ ደግሞ ተዳፋቱ ይነሳል። በተዳፋቱ ግርጌ አፈሩ ጥልቅና እርጥበት የሚይዝ ነው፤ አናቱ ላይ ስስ ሆኖ ድንጋዩ ይገጣል። ወገቡ ላይ የኖራ ድንጋይና ሸክላማ አፈር ተደባልቀው ስለሚገኙ ውኃው ሳይተኛ ይወርዳል፣ ፊቱም ወደ ምሥራቅ ስለሆነ የጠዋት ፀሐይ ቀድማ ታገኘዋለች። የወይን ጠጁ ደረጃ የሚወሰነው በዚሁ መሬት ነው፤ ከታች የክልሉን ስም ብቻ የሚይዘው፣ ቀጥሎ የመንደሩን ስም የሚይዘው፣ ከዚያ ፕሬሚዬ ክሩ፣ ከሁሉም በላይ ግራን ክሩ ይመጣል። በመላው ቡርጎኝ 33 ግራን ክሩዎች ሲኖሩ፣ ከዚህ ርቆ በሰሜን ምዕራብ በሚገኘው በሻብሊ ካለው ከአንዱ በቀር ሁሉም በዚህ መንገድ ዳር ባለው ተዳፋት ላይ ናቸው።

ይህን በእግር ለማረጋገጥ ከቮን ሮማኔ መንደር የተሻለ ቦታ የለም። ከመንደሩ በላይ ባለው ጠባብ መንገድ ጥቂት ስትወጡ፣ በዝቅተኛ የድንጋይ አጥር የታጠረና ጫፉ ላይ የድንጋይ መስቀል የቆመበት ማሳ ታገኛላችሁ። ስሙ ሮማኔ ኮንቲ ነው፤ ስፋቱ 1.8 ሄክታር ብቻ ሲሆን ከዓለም እጅግ ውድ ከሆኑት የወይን ጠጆች አንዱ የሚወጣው ከእሱ ነው። ጎብኚ ወደ ተክሉ እንዳይገባ የሚለምን ጽሑፍ ተለጥፏል፤ እባካችሁ አክብሩት። ከመስቀሉ ሥር ጀምራችሁ በመንደሩ በኩል እስከ ዋናው መንገድ ቁልቁል ብትሄዱ፣ ሩብ ሰዓት ገደማ በሚወስድ እርምጃ ከላይኛው ደረጃ ወደ ዝቅተኛው ትደርሳላችሁ። የተክሉ ዓይነት ፒኖ ኗር መሆኑ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ከእግራችሁ በታች ያለው አፈርና የመሬቱ አቀማመጥ ነው።

በዝዋይ ከተተከለው የካስቴል እርሻ የሚወጣውን ሪፍት ቫሊ ሻርዶኔ የምታውቁ ተመልካቾች፣ ጠርሙሱ ላይ የወይኑ ዘር ስም ተጽፎ ማየት ለምዳችኋል። በቡርጎኝ ግን ሜርሶ ወይም ፑሊኚ ሞንራሼ የሚል የመንደር ስም ነው የምታነቡት፤ ነጭ ከሆነ ሻርዶኔ መሆኑን ገዢው ያውቃል ተብሎ ይታሰባል። ስለዚህ የመንደሮቹን ስም በመኪና እያለፋችሁ ማንበብ የጠርሙሶቹን ጽሑፍ እንደማጥናት ነው።

[ምስል፦ የክሎ ደ ቩዦ የድንጋይ አጥር]

ማሳዎቹን እንዲህ አጥርተው ከለዩት መካከል መነኮሳት ይገኙበታል። በ1098 የተመሠረተው የሲቶ ገዳም ሲስተርሲያን መነኮሳት በቩዦ መንደር ወይን ተክለው 50 ሄክታር ያህል የሚሆነውን ቦታ በድንጋይ አጠሩት፤ ክሎ ደ ቩዦ የሚባለው ይህ ነው። በፈረንሳይ አብዮት የቤተ ክርስቲያን መሬት ተወርሶ ተሸጠ፤ ከዚያም በ1804 የወጣው የናፖሊዮን ፍትሐ ብሔር ሕግ ልጆች ርስትን እኩል እንዲካፈሉ ስላዘዘ መሬቱ በየትውልዱ እየተቆራረጠ ሄደ። ዛሬ በዚያ በአንድ አጥር ውስጥ 80 ገደማ ባለቤቶች አሉ፤ አንዳንዱ ጥቂት ረድፍ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህም በቡርጎኝ የማሳው ስም ብቻውን አይበቃም፣ የአምራቹንም ስም መጠየቅ ያስፈልጋል። በተናጠል ስምና ወሰን የተሰጣቸው እነዚህ ማሳዎች ክሊማ ይባላሉ፤ ከ1,200 በላይ ሲሆኑ በ2015 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

አሁን ወደ ጉዞው እንምጣ። አነስተኛ አምራቾች እንግዳ የሚቀበሉት በቀጠሮ ነው፤ በምሳ ሰዓትና በእሑድ ብዙ በሮች ይዘጋሉ፣ በመስከረም የለቀማ ሰሞን ደግሞ ቤተሰቡ በሙሉ ሥራ ላይ ስለሚሆን ጊዜ አያገኝላችሁም። በቀን ሁለት ቤት በቂ ነው። ምድር ቤት ገብታችሁ ከበርሜል የተቀዳ ሲቀርብላችሁ፣ አፍ ውስጥ አንከባልላችሁ ለዚሁ በተዘጋጀው ዕቃ ውስጥ መትፋት ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ቀማሹ ሥራውን እንደሚያውቅ ያሳያል። የፈረንሳይ ሕግ በአንድ ሊትር ደም 0.5 ግራም አልኮል የደረሰበት ሰው እንዳይነዳ ይከለክላል፤ ለአዲስ መንጃ ፈቃድ ባለቤት ወሰኑ 0.2 ነው። ቀማሽ ሁሉ ራሱን እየመዘነ እንዲወስን ከመተው ይልቅ፣ የዕለቱ ሹፌር ጠዋት በቡና ሰዓት ተለይቶ እንዲታወቅና ምሽት መኪናዋ እስክትቆም ድረስ ከንፈሩን እንዳያረጥብ አጥብቀን እንመክራለን። ጓደኝነት ዋጋ የሚኖረው እዚህ ላይ ነው፤ ራሱን የከለከለው ሰው ድርሻ ጠርሙስ ተገዝቶለት ማታ አብሮ ይከፈታል።

ማደሪያን በተመለከተ ፍራንስ ፓስዮን የሚባለው መረብ ለወይን አገር የተሠራ ይመስላል። ዓመታዊ አባልነት የከፈለ ሰው መኪናውን በአምራቹ ግቢ አቁሞ ለአንድ ሌሊት ያለ ክፍያ ያድራል። የመግዛት ግዴታ የለም፤ ሲገቡና ሲወጡ ባለቤቱን ሰላም ማለት ግን የግድ ነው። መኪናዋ የራሷ መጸዳጃና የፍሳሽ ማጠራቀሚያ ሊኖራት ይገባል፣ ፍሳሹም የሚደፋው ለዚሁ በተመደበ ጣቢያ ብቻ ነው። በመንደር አደባባይ መኪና ማቆም ከተፈቀደ አብዛኛውን ጊዜ ለእናንተም ይፈቀዳል፤ ወንበርና ጠረጴዛ አውጥቶ ድንኳን መዘርጋት ግን ማቆም ሳይሆን ካምፕ መትከል ተብሎ ይቆጠራል።

[ምስል፦ በረድፎች ላይ ተንሰራፍቶ የሚሄድ ረጅም ትራክተር]

በሄክታር 10,000 ያህል ተክል ስለሚተከል በረድፎቹ መካከል ያለው ክፍተት አንድ ሜትር ገደማ ነው። ትራክተሮቹም እግራቸውን አንፈራጠው ከተክሉ በላይ ያልፋሉ፤ በጠባቡ መንገድ ላይ አንዱ ሲመጣባችሁ ቅድሚያ መስጠት ያለባችሁ እናንተ ናችሁ።

ቦን ከደረሳችሁ በኋላ ግን መኪናዋን ከነጭራሹ ተዉአት። በ1443 የቡርጎኝ መስፍን ቻንስለር የነበረው ኒኮላ ሮላን በከተማዋ ለድሆች ያሠራውን፣ ጣሪያው በባለ ቀለም ሸክላ የተሸፈነውን ሆስፒታል ከጎበኛችሁ በኋላ ብስክሌት ተከራዩ፤ ከቦን ወደ ሳንትኔ 22 ኪሎ ሜትር የሚሆን የብስክሌት መንገድ በፖማር፣ በቮልኔና በሜርሶ ማሳዎች መካከል ያልፋል።

የገዛችሁትን ጠርሙስ በጋ ላይ በተዘጋ መኪና ውስጥ አትተዉ፤ ሙቀቱ ወይኑን አስፍቶ ቡሹን ይገፋዋል። በብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ አልጋ ሥር፣ ወለሉ ላይ አስተኙት፤ ረጅሙን የመመለሻ መንገድም ጎህ ሲቀድ፣ አየሩ ሳይሞቅ ጀምሩት።